«እፎይ» ማለትን እንወቅበት፦ ትንፋሽ፣ ነርቭና የትዳር ሰላም

ይህን ጽሑፍ የምታነቡት ምናልባት በክሊኒካችን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ተራ ስትጠብቁ ይሆናል። ከመቀጠላችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። አንድ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ፣ ሌላውን ሆዳችሁ ላይ አሳርፉ። ምንም ሳትለውጡ፣ እንዲሁ እንዳለ፣ ትንፋሻችሁን ተከታተሉት። የሚንቀሳቀሰው የትኛው እጅ ነው?

የሚንቀሳቀሰው የላይኛው እጅ ከሆነና ትንፋሹም አጠር አጠር ያለ ከሆነ፣ ሰውነታችሁ ተጨንቋል ማለት ሊሆን ይችላል። ምክንያቱ ብዙ ነው። መርፌ የሚፈራ አለ። የምርመራ ውጤት የሚጠብቅ አለ። ጠዋት ከትዳር ጓደኛው ጋር ተኳርፎ የወጣ አለ። በድሬዳዋ ፀሐይ ተቃጥሎ የመጣም አለ። የሚንቀሳቀሰው የታችኛው እጅ ከሆነና ትንፋሹም ቀስ ያለ ከሆነ ግን ሰውነታችሁ አርፏል።

የዚህ ትምህርት ዋና መልእክት አጭር ነው። ጭንቀት ትንፋሽን እንደሚለውጥ ሁሉ፣ ትንፋሽም ጭንቀትን ሊለውጥ ይችላል። ልባችንን «ቀስ በል» ብለን ብናዘው አይሰማንም። ጨጓራችንንም፣ የደም ሥራችንንም ማዘዝ አንችልም። ትንፋሽ ግን በራሱም የሚሠራ፣ እኛም ስንፈልግ ልንመራው የምንችል ነገር ነው። ስለዚህ ወደ ነርቫችን የምንገባበት በር እርሱ ነው። ይህን በር መክፈት የሚያውቁ ባልና ሚስት በጠብ ጊዜ፣ በክሊኒክ አልጋ ላይና በምጥ ሰዓት የሚጠቅማቸው ነገር በእጃቸው አለ።

፩. ቋንቋችን የሚያውቀው ነገር

አማርኛችን የትንፋሽንና የመንፈስን ዝምድና ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። ነፍስ፣ ነፋስ፣ መንፈስ፣ እስትንፋስ፣ መተንፈስ የሚሉት ቃላት ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው። በከተማችን የሚነገሩት ሌሎች ቋንቋዎችም እንዲሁ ናቸው። በኦሮምኛ «ሐፉራ» ማለት ትንፋሽም መንፈስም ነው። በሶማልኛ ነፍስ «ናፍ»፣ ትንፋሽ ደግሞ «ኔፍ» ይባላሉ።

አነጋገራችንንም እንመልከት። የደነገጠ ሰው «ትንፋሼ ቁርጥ አለ» ይላል። ብሶቱን የተናገረ ሰው «ተነፈሰ» ይባላል፤ ምስጢር የጠበቀ ደግሞ «ትንፍሽ አላለም»። ከጭንቅ የወጣ ሰው «እፎይ» ይላል። እፎይ ስንል ምን እናደርጋለን? አየር በደንብ እንስብና ረዘም አድርገን እንለቀዋለን። ይህችን ትንሽ ተግባር ማንም አላስተማረንም። ከዚህ በታች እንደምናየው ግን ሳይንስ በቅርቡ የደረሰበት ነገር በዚህች ቃል ውስጥ አለ።

፪. ሁለቱ የነርቭ ክፍሎች

ሰውነታችን ውስጥ እኛ ሳናዝዛቸው የሚሠሩ ነርቮች አሉ። እነዚህ በሁለት ይከፈላሉ።

የመጀመሪያው ክፍል ሲምፓተቲክ ይባላል። ሥራው ማስጠንቀቅና ማነሣሣት ነው። ባጃጅ ድንገት ከፊታችሁ ሲታጠፍ ልባችሁ የሚመታው፣ እጃችሁ የሚያልበው፣ አፋችሁ የሚደርቀው በዚህ ክፍል ትእዛዝ ነው። አድሬናሊን የተባለው ሆርሞን በደም ውስጥ ይረጫል፣ ደም ወደ ጡንቻ ይሮጣል፣ የምግብ መፍጨት ሥራም ይቀንሳል። አሜሪካዊው ሐኪም ዋልተር ካነን ይህን ሁኔታ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1915 ባሳተመው መጽሐፍ ገልጾታል። ሰውነት በዚያች ሰዓት የሚዘጋጀው ለሁለት ነገር ነው፤ ወይ ለመጣላት ወይ ለመሸሽ።

ሁለተኛው ክፍል ፓራሲምፓተቲክ ይባላል። ሥራው ማረጋጋት፣ ማሳረፍና መጠገን ነው። የዚህ ክፍል ትልቁ ነርቭ ቫገስ የተባለው ነው። ቫገስ ከአንጎል ግርጌ ተነሥቶ በአንገት በኩል ወርዶ ልብን፣ ሳንባንና ጨጓራን ይነካል።

ቫገስ ልብን እንዴት እንደሚያረጋጋ ያሳየው ኦቶ ሎዊ የተባለ ሳይንቲስት ነው። ሎዊ እ.ኤ.አ. በ1921 ይፋ ባደረገው ሙከራ የአንዲትን እንቁራሪት ልብ ወስዶ የቫገስ ነርቩን ሲቀሰቅሰው የልቡ ምት ቀነሰ። ከዚያ ልብ ዙሪያ የነበረውን ፈሳሽ ወደ ሌላ እንቁራሪት ልብ ሲያዛውረው ሁለተኛውም ልብ ማንም ሳይነካው ቀስ አለ። ነርቭ ለልብ መልእክቱን የሚያስተላልፈው በኬሚካል አማካይነት መሆኑ በዚህ ታወቀ። ሎዊ ለዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1936 የኖቤል ሽልማት ከሄንሪ ዴል ጋር ተካፍሏል።

ሁለቱም ክፍሎች ያስፈልጉናል። ችግር የሚመጣው የመጀመሪያው ክፍል ሳያርፍ ሲቀር ነው። ለመኪና ግጭት የተሠራ ማስጠንቀቂያ በቤት ኪራይ፣ በልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ፣ በአማት ነገር ሁሉ ቀንና ሌሊት ከጮኸ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ትዕግሥት ያልቃል፣ ራስ ምታት ይበዛል።

እዚህ ላይ ለባለትዳሮች ግልጽ መሆን ያለበት አንድ ነገር አለ። የወንድ ብልት እንዲቆም፣ የሴቷም አካል እንዲለሰልስ የሚያደርገው በአብዛኛው ሁለተኛው፣ ማለትም የሚያረጋጋው የነርቭ ክፍል ነው። በጭንቀት የተወጠረ ሰው በግንኙነት ጊዜ ቢቸገር «ፍቅር ቀንሶብኛል» ወይም «ሌላ ሰው ይዟል» ለማለት መቸኮል አይገባም። የደከመውና የተጨነቀው ነርቩ ሊሆን ይችላል። ችግሩ ከቀጠለ ግን የስኳርና የደም ግፊት ሕመምም እንዲህ ስለሚያደርጉ መመርመር ያሻል።

፫. ትንፋሽ ነርቭን የሚመራው እንዴት ነው?

የራሳችሁን የእጅ ትርታ ያዙና ተከታተሉ። አየር ስትስቡ ትርታው በመጠኑ ይፈጥናል፤ ስታስወጡ ይዘገያል። ይህ ጤናማ ነገር ነው። ስንስብ የቫገስ ተጽዕኖ ለጊዜው ይላላል፤ ስናስወጣ ይመለሳል። እንግዲህ የማስወጫውን ጊዜ ረዘም ካደረግነው ልብ የሚያርፍበትን ጊዜ አረዘምንለት ማለት ነው። ነገሩ ይኸው ነው።

አንድ አዋቂ ሰው ባረፈበት ሰዓት በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ያህል ይተነፍሳል። ይህ ወደ 6 ጊዜ ዝቅ ሲል የልብ ትርታና የደም ግፊት ከትንፋሹ ጋር አብረው ከፍና ዝቅ ማለት ይጀምራሉ፤ የደም ግፊትን የሚቆጣጠሩት ነርቮችም ይበልጥ ንቁ ይሆናሉ።

አእምሮም ከዚህ አይቀርም። የትንፋሽን ምት የሚመታው አንጎል ግርጌ ያለ አነስተኛ የነርቭ ሕዋሳት ስብስብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በአይጦች ላይ የተደረገ ጥናት ከነዚህ ሕዋሳት ጥቂቶቹ አእምሮን ወደሚያነቃው ማዕከል መልእክት እንደሚልኩ አሳይቷል። እነዚያ ጥቂት ሕዋሳት ሲወገዱ አይጦቹ መተንፈሳቸውን ሳያቆሙ የተረጋጉ ሆኑ። ትንፋሽ ሲጣደፍ አእምሮ «አደጋ አለ» የሚል ወሬ የሚሰማበት መንገድ አለ ማለት ነው። የሰው አንጎል ከአይጥ ይልቅ የተወሳሰበ ቢሆንም፣ ጥናቱ መንገዱ የት እንዳለ ጠቁሟል።

«እፎይ»ን እንዳትረሱ ብለን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፈቃደኛ ሰዎችን በቡድን ከፍለው በየቀኑ 5 ደቂቃ ብቻ፣ ለአንድ ወር ያህል አለማመዷቸው። ከትንፋሽ ልምምዶቹ አንዱ በአፍንጫ ሁለት ጊዜ አከታትሎ መሳብና በአፍ ረዘም አድርጎ ማስወጣት ነበር፤ እኛ እፎይ የምንለው ዓይነት። በሁሉም ቡድኖች ጭንቀት ቀንሷል። ደስ የሚል ስሜት ከሁሉ በላይ የጨመረው ግን በዚሁ በእፎይታው ቡድን ነበር።

፬. የሕንድ ልምድና የእኛ ጥያቄ

ትንፋሽን ቀድመው በሥርዓት ካጠኑት መካከል የሕንድ የዮጋ መምህራን ይገኙበታል። የትንፋሽ ልምምዱን ፕራናያማ ይሉታል። «ፕራና» ማለት የሕይወት እስትንፋስ ሲሆን «አያማ» ደግሞ መግራት ወይም ማራዘም ማለት ነው። ሕንድ ለከተማችን እንግዳ አገር አይደለችም። ምድር ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ከገባ በኋላ በከተማዋ ከሠሩት ነጋዴዎች መካከል ሕንዳውያን ነበሩበት፤ በንጉሡ ዘመን ብዙ ኢትዮጵያውያንን ያስተማሩትም ሕንዳውያን መምህራን ናቸው።

ፕራናያማን ወደ ላቦራቶሪ ካስገቡት ቀዳሚዎች አንዱ ስዋሚ ኩቫላያናንዳ ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1924 ሎናቭላ በተባለችው የሕንድ ከተማ የምርምር ተቋም መሥርተዋል። ከዚያ ወዲህ ጥናቱ ወደ ብዙ አገር ተሻግሯል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰኔ 14 ቀን (በፈረንጅ አቆጣጠር ጁን 21) ዓለም አቀፍ የዮጋ ቀን ሆኖ እንዲከበር ወስኗል።

አንዳንድ አንባቢ «ይህ የሌላ ሃይማኖት ሥርዓት አይደለምን?» ብሎ መጠየቁ ተገቢ ነው። መልሳችን እንዲህ ነው። ዮጋ ከሕንድ እምነቶች ጋር የተያያዘ ታሪክ አለው። እኛ የምናስተምረው ግን ጸሎት ወይም አምልኮ የሌለበትን የሳንባና የነርቭ እንቅስቃሴ ነው። ሳንባ ሃይማኖት የለውም። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ የሉቺያኖ ቤርናርዲና የባልደረቦቹ ጥናት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ተመራማሪዎቹ 23 ጤናማ ሰዎች በአንድ ወገን የካቶሊኮችን የመቁጠሪያ ጸሎት በላቲን፣ በሌላ ወገን የዮጋን ቃል እየደጋገሙ እንዲሉ አደረጉ። ሁለቱም ትንፋሽን ወደ 6 ጊዜ በደቂቃ ዝቅ አድርገውታል፤ በልብ ላይ ያሳዩት ውጤትም ተመሳሳይ ነበር። መቁጠሪያ ይዞ የሚጸልይ ክርስቲያንም ሆነ ሙስበሃ ይዞ ዚክር የሚያደርግ ሙስሊም፣ ቀስ ብሎና ከልቡ ሲያደርገው ሰውነቱ ሲያርፍ ያውቀዋል። ዮጋ የሚለው ስም የሚከብዳችሁ ከሆነ «የትንፋሽ እንቅስቃሴ» በሉት።

፭. የድሬዳዋ ሰው ነርቭ

እያንዳንዱ ከተማ የራሱ ጭንቀት አለው። የእኛን ሦስቱን እንይ።

ሙቀት። ሰውነት በሙቀት ጊዜ ራሱን ለማቀዝቀዝ ልቡን አብዝቶ ያሠራል። ውኃ ሲያንስ ትርታው ይጨምራል፤ ሰውም ይነጫነጫል። የቀትር ጠብ ምክንያቱ ጥማትና ድካም የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ ነገር ከመጀመራችሁ በፊት ውኃ ጠጡ፣ ጥላ ሥር ተቀመጡ።

ጫት። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር የሚያነሣሣውን የነርቭ ክፍል ይቀሰቅሳል። የልብ ትርታና የደም ግፊት ይጨምራል፣ እንቅልፍ ይሸሻል። በምርቃና ሰዓት ወሬው ጥሩ ነው፤ ማታ ግን ድብርቱና ቁጣው የሚደርሰው ለቤት ነው። ከበርጫ የተመለሰ ባልና ቀኑን ሙሉ የሠራች ሚስት በሌሊት ሲነጋገሩ፣ የአንደኛው ነርቭ ገና እየሮጠ ነው፤ የሌላኛዋ ደግሞ አልቋል። የትንፋሽ ልምምድ የጫትን ጉዳት አያጠፋም። ለመቀነስ ለወሰነ ሰው ግን ያቺን የሃራራ ሰዓት ለማሳለፍ ሊረዳው ይችላል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ጫት መቃም እንደሌለባት በዚህ አጋጣሚ እናስታውሳለን፤ የፅንሱ ክብደት እንዲያንስ ያደርጋልና።

ትዝታ። በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ ወር መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከሁለት መቶ የሚበልጡ ወገኖቻችንን ወስዷል። ከዚያ ሌሊት የተረፈ ሰው ዛሬም ዝናብ በቆርቆሮ ላይ ሲመታ ልቡ ሊመታ ይችላል። ይህ እብደት ወይም የእምነት ማነስ አይደለም፤ ማስጠንቀቂያው ሳይጠፋ የቀረ ነርቭ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ከደረሰው የእስያ ሱናሚ ለተረፉ ሕንዳውያን የዮጋ ትንፋሽ ተሰጥቷቸው ጭንቀታቸው እንደቀነሰ የሚያሳይ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2010 ታትሟል። እንዲህ ያለ ትዝታ እንቅልፍ የሚነሳው ሰው ግን በትንፋሽ ብቻ ሳይወሰን የአእምሮ ጤና ባለሙያ ማማከር አለበት።

፮. በትዳር ውስጥ የሚጠቅምባቸው አራት ሰዓቶች

ሀ/ በጠብ ሰዓት። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ጆን ጎትማን ባልና ሚስትን ላቦራቶሪ ውስጥ እያነጋገረ የልብ ትርታቸውን ለክቷል። በጠብ መካከል ትርታው በደቂቃ ወደ 100 ሲጠጋና ሲያልፍ ሰው መስማትና ማሰብ ያቅተዋል። ምክሩም ንግግሩን ማቋረጥና ቢያንስ 20 ደቂቃ ማረፍ ነው። ስለዚህ አንድ ምልክት አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ ለምሳሌ «እንተንፍስ» የሚል ቃል ይሁን። ቃሉን የሰማ አይከራከርም። ሁለቱም ተለያይተው ቀስ ብለው ይተነፍሳሉ፤ በተባለው ሰዓት ግን ተመልሰው ይነጋገራሉ። መመለስ ከሌለ ማረፍ ሳይሆን ኩርፊያ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ሚስት አራተኛ ልጅ ከመውለዷ በፊት ጥቂት ዓመት ማረፍ ትፈልጋለች እንበል። ባል ደግሞ «መርፌው ያመክናል» የሚል ወሬ ሰምቷል። ሌሊት ላይ ደክመው፣ ተናደው ቢነጋገሩበት «አታምኚኝም»፣ «አታስብልኝም» ተባብለው ይለያያሉ። በማግስቱ ጠዋት ተረጋግተው ቢያነሡት ግን ትክክለኛው ጥያቄ ይወጣል፤ «መርፌው በእርግጥ ያመክናል ወይ? እስቲ ክሊኒክ ሄደን እንጠይቅ።» መልሱም አያመክንም ነው። መርፌው ሲቋረጥ መውለድ ይመለሳል፤ ጥቂት ወራት ሊዘገይ ግን ይችላል። እንዲህ ያለው ውሳኔ የአንድ እናት ጤናና የአንድ ቤት ኑሮ ነው። በሚሮጥ ልብ መወሰን የለበትም።

ለ/ የደም ግፊት ሲለካ። ከባጃጅ ወርዶ በሩጫ የገባ፣ ወይም መሣሪያውን ሲያይ የሚደነግጥ ሰው ግፊቱ ከእውነቱ በላይ ሊነበብ ይችላል። ሁለት ዓይነት ሆርሞን ያለበት የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን የደም ግፊት ላለባት ሴት ስለማይሰጥ ትክክለኛው ቁጥር መታወቅ አለበት። ከመለካታችሁ በፊት 5 ደቂቃ ተቀመጡ፣ እግራችሁን አታነባብሩ፣ አትናገሩ፣ በዝግታ ተንፍሱ። ከዚያም በኋላ ከፍ ካለ እውነተኛ ግፊት ሊሆን ስለሚችል ባለሙያው የሚላችሁን አድርጉ።

ሐ/ ሉፕ ሲገባ። ብዙ ሴቶች ሉፕን የሚተዉት መሣሪያውን ሳይሆን የመግቢያውን ሰዓት ፈርተው ነው። ሥራው የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው። የፈራች ሴት ትንፋሿን ትይዛለች፤ ትንፋሽ ሲያዝ የዳሌና የጭን ጡንቻ ይወጠራል፤ ጡንቻ ሲወጠር ሕመሙ ይጨምራል። ነርሷ «አሁን» ስትል አየሩን በአፍ ቀስ አድርጋችሁ አስወጡ፣ መንጋጋችሁንና ትከሻችሁን አላሉ። ሕመሙ ካየለ «ይብቃ፣ ላርፍ» የማለት መብት አላችሁ።

መ/ በምጥ ሰዓት። እንግሊዛዊው ሐኪም ግራንትሊ ዲክ-ሪድ እ.ኤ.አ. በ1933 ባሳተመው መጽሐፍ ፍርሃት ጡንቻን እንደሚወጥር፣ መወጠርም ሕመምን እንደሚያበዛ አስተምሯል። ፈረንሳዊው ሐኪም ፈርናንድ ላማዝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1951 በሶቪየት ኅብረት ያየውን የምጥ ዝግጅት ወደ ፓሪስ አምጥቶ ለነፍሰ ጡሮች የትንፋሽ ትምህርት ጀመረ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የወሊድ አገልግሎት መመሪያ፣ ለጤናማ ነፍሰ ጡሮች የትንፋሽና የሰውነት ማላላት ዘዴዎችን ለሕመም ማስታገሻነት አካቷል። ምጥ የያዛት ሴት የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆንም ይመክራል።

ይህ ሰው ባል ሊሆን ይችላል። ባል እዚያ ቆሞ «አይዞሽ» ከማለት የበለጠ የሚሠራው ሥራ አለው፤ ምጡ ሲመጣ አብሯት ቀስ ብሎ መተንፈስ። እርሷ ቁጥር መቁጠር ያቅታታል፤ እርሱ ይቆጥርላታል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው ግን፣ በምጥ ሰዓት የተጀመረ ትንፋሽ አይያዝም። ከስድስተኛው ወር ጀምሮ ማታ ማታ አብራችሁ ተለማመዱ።

፯. አሠራሩ

ጊዜ፦ ጠዋት ከቁርስ በፊት ወይም ማታ ከመኝታ በፊት፣ 5 ደቂቃ። ምግብ በልታችሁ ወዲያው አትጀምሩ። የሚቻል ከሆነ ባልና ሚስት አብራችሁ ሥሩት።

1. ወንበር ላይ ጀርባችሁን ቀና አድርጋችሁ፣ ትከሻችሁን ጥላችሁ ተቀመጡ። ነፍሰ ጡር በግራ ጎኗ ልትተኛ ትችላለች።
2. እጃችሁን ሆዳችሁ ላይ አድርጉ። አፋችሁን ገጥማችሁ በአፍንጫ ቀስ ብላችሁ ሳቡ፤ በልባችሁ እስከ 4 ቁጠሩ። እጃችሁን ሆዳችሁ ወደ ውጭ ይግፋው።
3. ሳትይዙት፣ እስከ 6 እየቆጠራችሁ ቀስ ብላችሁ አስወጡ። ሆዳችሁ ይመለስ።
4. ይህን ደጋግሙ። በደቂቃ 6 ጊዜ ያህል ይሆናል። 4 እና 6 ካስጨነቃችሁ በ3 እና በ4 ጀምሩ።
5. ሐሳብ ቢሄድ አትናደዱ። ወደ ቁጥሩ መልሱት። ሐሳብ መሄዱ የተለመደ ነው፤ ልምምዱም መመለሱ ነው።

ድንገተኛ ቁጣ ወይም ድንጋጤ ሲመጣ፦ በአፍንጫ ሳቡ፣ በላዩ ላይ ጥቂት ጨምሩ፣ ከዚያም በአፍ ረጅም «እፎይ» በሉ። ሦስት ጊዜ ይበቃል።

እንቅልፍ እንቢ ሲል፦ ስታስወጡ አፋችሁን ገጥማችሁ እንደ ንብ «ምምም» በሉ። ሕንዶች ይህን ብራማሪ ይሉታል። ድምፁ ማስወጫውን በራሱ ያረዝመዋል። ልጅ እሹሩሩ ስትል የኖረች እናት ይህን ታውቀዋለች፤ ልጁን ስታስተኛ የራሷም ትንፋሽ ይረዝማልና።

በአንድ ቀን ለውጥ አትጠብቁ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

፰. ጥንቃቄ

• በፍጥነትና በኃይል መተንፈስ ወይም ትንፋሽን ለረጅም ጊዜ ይዞ መቆየት በዮጋ ውስጥ ቢኖርም፣ ለነፍሰ ጡር፣ ለደም ግፊት፣ ለልብና ለሚጥል በሽታ ሕሙማን አይፈቀድም።

• እጅ ቢያደነዝዛችሁ፣ ከንፈር ቢነዝራችሁ ወይም ቢያዞራችሁ ከመጠን በላይ እየተነፈሳችሁ ነው። በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ አንሷል ማለት ነው። ልምምዱን አቁሙ፣ እንደ ወትሮው ተንፍሱ። በምጥ ጊዜም ቶሎ ቶሎ ማለክለክ ይህን ያመጣል።

• አስም፣ የደም ግፊት ወይም ሌላ ሕመም ያለበት ሰው መድኃኒቱን አያቋርጥ። ትንፋሽ ረዳት ነው እንጂ ምትክ አይደለም። እርግዝናንም አይከላከልም።

• ነፍሰ ጡር ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ደም መፍሰስ ወይም የፅንስ እንቅስቃሴ መቀነስ ከታየባት መተንፈሷን ትታ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ትሂድ።

• ከወሊድ በኋላ ከሁለት ሳምንት የበለጠ ኀዘን፣ ተስፋ መቁረጥ ወይም ሕፃኑን ለመጉዳት የሚገፋ ሐሳብ ካለ ይህ ሕመም ነው፤ ሕክምናም አለው። ባል ይህን ሲያይ ዝም አይበል።

• ባሏ የሚመታት ሴት ተረጋግታ እንድትችለው ይህን ጽሑፍ አልጻፍነውም። ትንፋሽ መማር ያለበት የሚመታው ነው። እርሷ ለባለሙያዎቻችን በምስጢር ልትነግራቸው ትችላለች።

ማጠቃለያ

ውድ አንባቢያን፣ ያስተማርናችሁ ነገር ገንዘብ አይጠይቅም፣ ቦታ አይፈልግም፣ ማንም ሊቀማችሁ አይችልም። የቤት ኪራዩን አይከፍልም፤ ሙቀቱንም አያበርደውም። የሚሰጣችሁ ነገር በንዴትና በመልስ መካከል ያለችውን ትንሽ ጊዜ ነው። በዚያች ጊዜ ሰው የሚናገረውን መምረጥ ይችላል። ስንት ልጅ እንውለድ፣ መቼ እንውለድ፣ በየትኛው ዘዴ እንጠቀም የሚሉት የትዳር ትልልቅ ጥያቄዎች የሚመለሱት በዚያች ጊዜ ውስጥ ነው።

አሁን ተራችሁ ደርሶ ስማችሁ ከመጠራቱ በፊት እጃችሁን ወደ ሆዳችሁ መልሱና ስድስት ጊዜ ብቻ ተንፍሱ።

የመወያያ ጥያቄዎች (ቤት ስትደርሱ ለሁለታችሁ)

1. በቤታችን ጠብ የሚነሣው በአብዛኛው በየትኛው ሰዓት ነው? በዚያ ሰዓት ርቦን፣ ደክሞን ወይም ሞቆን ይሆን?
2. «እንተንፍስ» የምንባባልበት ምልክት ምን ይሁን? ለስንት ደቂቃ እናርፍ?
3. ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ ፈርተን ያልጠየቅነው ጥያቄ የትኛው ነው? በሚቀጥለው ቀጠሮ ማን ይጠይቅ?